የእትዬ የውብዳር መጽሐፍ ጀርባ ላይ ያሉት ሦስት ሰዎች

በአንድ ወቅት፣ ያን ያህል ሩቅም አይደለም፣ ሰው መጽሐፍ ሲገዛ ከጀርባው የሚጀምርበት ከተማ ነበር። ገዢው መጽሐፉን ያነሳል፣ ይገለብጠዋል፣ ጀርባው ላይ ማን ምን እንዳለ ያነባል፣ ከዚያ ወይ ይገዛዋል ወይ መልሶ ያስቀምጠዋል። ውስጡን ገለጥ ገለጥ የሚያደርግ ሰው ከመጣ ባለሱቁ ራሱ ግራ ገብቶት «ምን ጠፋብህ?» ይለዋል። አትሳቁ። ቤታችሁ ሄዳችሁ መደርደሪያችሁ ላይ ያሉትን እዩዋቸው። ሁሉም «በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ» ናቸው። ሁሉም «ዘመን ተሻጋሪ» ናቸው። ባለፈው ወር የታተመ መጽሐፍ የትኛውን ዘመን ተሻግሮ እንደመጣ እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም።

በዚያ ከተማ እትዬ የውብዳር የሚባሉ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት አውቶቡስ ተራ ውስጥ ነው። ማይክ ይዘው የትኛው መኪና ወዴት እንደሚሄድ የሚጣሩት እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ሰው ሁሉ አሁን ያርፋሉ ሲል እሳቸው ቁጭ ብለው ልብወለድ ጻፉ። ስሙን «የቀረ አለ?» አሉት። በየቀኑ ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ተራ እየመጣች፣ ሳትሳፈር ወደ ቤቷ ስለምትመለስ ሴት ነው። መጨረሻው ላይ ትኬት ትቆርጣለች፣ ከዚያ ትኬቷን ለማታውቃት ሴት ትሰጣትና እንደገና ትመለሳለች።

ጽፈው ሲጨርሱ ዓይናቸው ደከመ። የራሳቸውን ጽሑፍ እንኳን ማንበብ አቃታቸው። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፣ ጠርተው አስቀመጧቸው።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በማይክ ስናገር የሰማኝ ሰው የለም» አሏቸው። «ሰው የሚሰማው የራሱን ከተማ ስም እስክጠራ ነው፤ ከዚያ ጆሮውን ይዘጋል። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከዚህ ቤት ያልሆነ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው እንዲያነበኝ። ይኼው ነው።»

«እሺ እማዬ» አሉ ሦስቱም።

«ሁለተኛ መጽሐፍም ጽፌያለሁ። ስለ አባታችሁ ነው።»

አባታቸው አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ የሄደ ሰው ነው፤ አልተመለሰም። እትዬ የውብዳር ስለሱ አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። ልጆቹ ሲጠይቁ «ራታችሁን ብሉ» ነበር መልሱ።

«በእጄ የጻፍኩት ነው፣ ቅጂ የለውም። ያንን አንባቢ ላመጣልኝ ልጅ እሰጠዋለሁ። ከፈለገ ያሳትመው፣ ከፈለገ ያቃጥለው፣ የሱ ፋንታ ነው። ለሦስት አልከፍለውም። እናንተ በዓል መጥቶ አንድ በግ እንኳን ተስማምታችሁ ገዝታችሁ አታውቁም።»

ሦስቱም ፈለጉት። ትልቁ ኃይለልዑል አባቱ ምን እንዳደረጋቸው ከተማው ሁሉ እንዲያውቅለት ነው። መካከለኛው መሳፍንት ደግሞ ማንም ሳያየው አንዳንድ ነገር ከውስጡ ማውጣት ይፈልጋል፤ አባቱ በሄደበት ዋዜማ የተነጋገሩት ነገር ነበር። ትንሹ ናሁሰናይ አባቱ ሲሄድ ገና አልተወለደም። የሰውየው ድምፅ ምን ዓይነት እንደነበር እንኳን አያውቅም። እሱ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ኃይለልዑል የመጀመሪያውን መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ወሰደው። ባለቤቱ ወረቀቱን በእጁ መዘን መዘን አደረገና ጠየቀ።

«ጀርባው ላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ገና አልተነበበም።»

«መነበቡን አልጠየቅኩህም። ጀርባው ባዶ ከሆነ ባለሱቅ አይቀበለኝም። ለሦስት ሰው የሚሆን ቦታ አለ፣ ሰው አምጡ።»

እንግዲህ እዩት። መጽሐፍ እንዲነበብ መታተም አለበት፣ እንዲታተም ደግሞ ያነበበ ሰው መስክሮለት መምጣት አለበት። ይሄን ያወጣው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የኃይለልዑል ተሰጥኦ በር ነው። የማይከፈትለት በር የለም። ጸሐፊዋን ያሳምናል፣ ዘበኛውን ያስቃል፣ ውሻውን ይደባብሳል፣ ይገባል። ስለዚህ በቀጥታ የሄደው ታዋቂው ደራሲ ጋሽ ምንተስኖት ዘንድ ነው። በዚያ ከተማ የጋሽ ምንተስኖት ስም ጀርባው ላይ የሌለበት መጽሐፍ ቢኖር የሒሳብ መማሪያችን ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካይ ቤት ወንበር ላይ፣ ፊታቸው በአረፋ ተሸፍኖ አገኛቸው።

«ጋሼ፣ የእናቴ መጽሐፍ ነው።»

«እሰይ። አጭር ነው የምትፈልገው ረዥም?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ሙገሳውን ነዋ።»

«አያነቡትም እንዴ?»

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ሳነብ መቼ ልጽፍ ነው? ‹ከእጅ የማይወርድ› ነበረኝ፣ እሱን ባለፈው ለአንዱ ሰጠሁት። ‹ልብ ሰቃይ› ይሁንልህ?»

«ይሁን ጋሼ።»

«በል ጻፍ። ‹ልብ ሰቃይ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ፣ ዘመን ተሻጋሪ ሥራ።› አምጣ ልፈርምልህ፣ አረፋው እንዳይነካው።»

ኃይለልዑል አመስግኖ ወጣ። ስሙ የሰውየው ነው፣ ፊርማው የሰውየው ነው፣ ቃሉም የሰውየው ነው። መጽሐፉ ግን ከያዘበት ፌስታል አልወጣም።

የመሳፍንት ተሰጥኦ መልቀም ነው። ከምንም ነገር ውስጥ ደህናውን መርጦ ማውጣት ይችላል። ትምህርት ቤት እያለ የፈተና ውጤቱን ለእናቱ የሚያነብላቸው እሱ ነበር፤ ስፖርትና ሥዕል ብቻ ያነብላቸውና ካርዱን ያጥፈዋል። እሱ የሄደው መምህርት ፀዳለ ጋ ነው። መምህርት ፀዳለ ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ፣ ከተማው በሙሉ የሚፈራቸው፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ሲደርሳቸው እንኳን አርመው የሚመልሱ ሴት ናቸው። እንደዚህ ዓይነት መምህር እኛም አለችን፣ ስም አልጠራም።

መምህርት ፀዳለ ግን አነበቡት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው አነበቡት። ከዚያ እንዲህ ብለው ጻፉለት፦

«ይህ መጽሐፍ መሃሉ ላይ በጣም ይጎትታል። ደራሲዋ አውቶቡስ ተራን ማንም ባላየው ዓይን አይታዋለች፤ ያየችውን ሁሉ ግን መጻፍ አልነበረባትም። የሹፌሩ ምዕራፍ ቢወጣ የሚጎዳ ሰው የለም። መጨረሻው ላይ አልቅሻለሁ፤ ያለቀስኩት ግን እዚያ እስክደርስ ስለደከመኝም ሊሆን ይችላል። እንደገና ይጻፍ።»

መሳፍንት አንብቦ አንብቦ፣ ጭንቅላቱን አከከና መቀስ አነሳ። ማተሚያ ቤት የደረሰው ይሄ ነው፦

«ደራሲዋ አውቶቡስ ተራን ማንም ባላየው ዓይን አይታዋለች... መጨረሻው ላይ አልቅሻለሁ።»

«ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም» አለ። እውነቱን ነው፣ አልጨመረም። ሦስት ነጥብ ብቻ።

ናሁሰናይስ? የሱ ተሰጥኦ ድምፅ ነው። የማንንም ሰው አነጋገር ይይዛል። ሕፃን እያለ ጎረቤት ሆኖ ከውጭ ይጣራና እናቱን በር ያስወጣቸው ነበር። የእናቱን ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ የጻፈውም እሱ ስለሆነ እያንዳንዱን መስመር አንብቦታል፣ አንዳንዱን ቦታ ሁለትና ሦስት ጊዜ። ስለ መጽሐፉ የሚለው ነገር ሞልቶታል። ግን የቤት ልጅ ነው፣ የሱ ቃል አይቆጠርም። ስለዚህ ሰው ፈጠረ። ስሟ ኑሪያ፣ ሥራዋ የሆቴል አልጋ ማንጠፍ፣ አገሯ ጠረፍ አካባቢ። እንዲህ አስባላት፦

«እኔ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም። ይሄን እንግዳ ረስቶት ሄዶ ነው። አልጋ አንጥፌ ስጨርስ ጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሴትየዋ ሻንጣዋን ይዛ ስትመለስ እኔን ከበደኝ።»

ገና ያልታተመን መጽሐፍ እንግዳ እንዴት ረስቶት ሊሄድ ይችላል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ማተሚያ ቤቱ አልጠየቀ፣ ባለሱቁ አልጠየቀ፣ ገዢው አልጠየቀ። ጀርባ የሚያነብ ሰው አይጠይቅም።

መጽሐፉ ሊታተም ሲል ናሁሰናይ ሦስቱንም ለእናቱ አነበበላቸው። የጋሽ ምንተስኖትን ሲሰሙ «ደግ ሰው ናቸው» አሉ። የመምህርት ፀዳለን ሲሰሙ «ፀዳለ አለቀሰች? ጉድ ነው» ብለው ሳቁ። የኑሪያን ሲሰሙ ግን ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ።

«እስቲ ድገምልኝ።»

ደገመላቸው።

«ይህቺን ልጅ ማን ነው ያመጣት?»

«እኔ ነኝ እማዬ» አለ ናሁሰናይ።

«አገናኘኝ። ቁጭ ብዬ ላውራት። ከዚያ ሁለተኛው ያንተ ነው።»

ናሁሰናይ «እሺ» አለ። ሩቅ ናት፣ ሥራ በዝቶባታል፣ እንግዳ ይበዛል እያለ ቀኑን ይገፋው ጀመር።

የምረቃው ቀን የከተማው አዳራሽ ሞላ። እትዬ የውብዳር ከፊት ተቀመጡ። ጋሽ ምንተስኖት መድረክ ላይ ወጥተው መጽሐፉን ከፍ አድርገው ያዙት።

«ያ ንብ አናቢ» አሉ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው፣ «ያ ምስኪን ንብ አናቢ ቀፎውን ጥሎ ተራራውን ሲወርድ፣ ዓይኑ እንባ ያላቀረረ ሰው ካለ ልቡን ይመርመር።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ልድገምላችሁ፣ አጨበጨበ። ስለ ንብ አናቢ የተጻፈው መጽሐፍ ከሰዓት በኋላ ሌላ አዳራሽ ውስጥ የሚመረቀው ነው። እዚያ ከተቀመጠው ሕዝብ ውስጥ አንድ ገጽ የገለጠ ቢኖር ይስቅ ነበር። የሳቀ የለም።

እትዬ የውብዳር ወደ ኃይለልዑል ጠጋ አሉ።

«የትኛው ንብ አናቢ ነው?»

«ምሳሌ ነው እማዬ።»

«የምን ምሳሌ? አውቶቡስ ተራ ውስጥ ንብ ምን ይሠራል?»

ይሄኔ መምህርት ፀዳለ ከኋላ ተነሱ። መጽሐፉን ገልብጠው ይዘውታል።

«እዚህ ላይ አልቅሻለሁ ይላል። አዎ፣ አልቅሻለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያልኩትስ የት ገባ? መሳፍንት፣ ተነስ እስቲ።»

መሳፍንት ተነሳ። ይሄን ያህል ዕድሜው ሆኖ እንደ ተማሪ ተነሳ።

«ቦታ አልበቃም መምህር።»

«ለንብ አናቢው በቅቷል እኮ።»

አሁን አዳራሹ ሳቀ። መምህርት ፀዳለ ግን አልሳቁም። ወደ ፊት ሄደው እትዬ የውብዳር አጠገብ ተቀመጡና ያሉትን በሙሉ ነገሯቸው። መሃሉ ይጎትታል አሏቸው። የሹፌሩን ምዕራፍ አውጪው አሏቸው።

«የሹፌሩን አልነካም» አሉ እትዬ የውብዳር።

«ለምን? ምን ያደርግልሻል? መጥቶ ዝም ብሎ ይሄዳል።»

«እሱ ነው ነገሩ። መጥቶ ዝም ብሎ ይሄዳል።»

ዘበኛው ወንበር መሰብሰብ እስኪጀምር ተከራከሩ። እትዬ የውብዳር ያን ቀን ቤት ሲመለሱ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ «አይ ፀዳለ፣ ምን ታውቃለች እሷ» እያሉ፣ ራታቸውን ጥርግ አድርገው በሉ። እንደዚያ ሲበሉ ልጆቻቸው ካዩ ቆይተዋል።

መጽሐፉ ተሸጠ። የጋሽ ምንተስኖት ስም ስላለበት ባለሱቁ ከፊት ደረደረው። ስንቱ እንደተነበበ እግዜር ይወቀው።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ፣ አንድ እሁድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ናሁሰናይ ከፈተ። አንዲት ወጣት ሴት መጽሐፉን በሻርፕ ጠቅልላ ይዛ ቆማለች።

«ሰዓዳ እባላለሁ። ቤቱን ማተሚያ ቤት ነው ያሳዩኝ። ኑሪያን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ማንን?»

«ኑሪያን። ጀርባው ላይ ያለችውን። የት እንደምትሠራ ብትነግሩኝ።»

«ለምን ፈለግሻት?»

«እኔም አልጋ አንጣፊ ነኝ፣ እዚህ አውቶቡስ ተራው ጋ። ሱቅ ውስጥ ከፊት ተደርድሮ አይቼ አነሳሁት፤ የትልቁን ሰውዬ ስም ሳይ ይሄ ለኔ አይሆንም ብዬ ልመልሰው ነበር። ወረድ ስል እሷን አገኘኋት። እሷ ከገባት እኔም ይገባኛል አልኩ። ወላሂ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። መጨረሻው ግን አናደደኝ። ትኬቷን ለምን ትሰጣለች? ቆርጣ የለ እንዴ? ትሳፈር እንጂ። ኑሪያ ምን እንደምትል ልጠይቃት ብዬ ነው።»

ከውስጥ የእትዬ የውብዳር ድምፅ መጣ። «ማን ነው? ኑሪያ ነሽ? መጣሽልኝ?»

እኔ ብሆን በሩን ዘግቼ እሮጥ ነበር። እውነቴን ነው። አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የቀረው። እናቱ አያዩም። ልጅቷን በጆሮዋ ቢለምናት ምናልባት እሺ ትለው ነበር። ሁለተኛው መጽሐፍ፣ አባቱ፣ ሁሉም ነገር እጁ ላይ ነበር።

«ኑሪያ የለችም እማዬ» አለ ናሁሰናይ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

መጀመሪያ የተናገረችው ሰዓዳ ናት።

«እንዴት የለችም? እኔ እኮ ከሷ ጋር ነው ያነበብኩት።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ስትዋሽ እንኳን ያገኘኸው የኔን ሥራ ነው? ዶክተር ናት ብትል ምን ነበረበት?» ከዚያ አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች። «እማማ፣ እርስዎስ አሉ? ወይስ እርስዎም የሉም?»

«እኔ አለሁ» አሉ እትዬ የውብዳር። «ግቢ።»

ገባች። ስለ ትኬቱ አወሩ፣ ብዙ አወሩ። ሰዓዳ መሳፈር ነበረባት እንዳለች፣ እትዬ የውብዳር መቅረት ነበረባት እንዳሉ አለቀ። ስትወጣ እትዬ የውብዳር እጇን ይዘው ሁለተኛ መጽሐፍ እንዳለ ነገሯት።

«ከወጣ አነበዋለሁ» አለች። «ጀርባውን ግን አላይም።» ናሁሰናይን ቀና ብላ ሳታየው አለፈችው።

ከሰዓት በኋላ እናትየው ሦስቱንም ጠሩ። በጨርቅ የተጠቀለለው ሁለተኛው መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ ነበር።

«ሦስታችሁም አታላችሁኛል» አሉ። «ግን ቃል ገብቻለሁ። እኔ ይነሳል ብዬ ጠርቼው ሳይነሳ የቀረ መኪና የለም።»

ይሄ እንኳን ውሸት ነው፣ የዚያን አውቶቡስ ተራ ሁሉም ያውቀዋል። ግን እናት ናቸው፣ ማንም አልተከራከራቸውም።

ኃይለልዑል ጀመረ። «እኔ ማንንም አልቆረጥኩም፣ ማንንም አልፈጠርኩም። ሰውየው ያለውን ነው ያመጣሁት። አላነበበም፣ እሺ። ግን የሱ ስም ባይኖር መጽሐፉ ከመደርደሪያው ሥር ነበር የሚቀረው። ሰዓዳ በየት በኩል ታየው ነበር?»

«አንተ የምታወራው ከታተመ በኋላ ስለመጣው ነው» አለ መሳፍንት። «ማንም ሳያውቀው፣ ገና ወረቀት እያለ፣ እስከ መጨረሻው ያነበበችው መምህርት ፀዳለ ናት። እማዬ ያለችው ይነበብ ነው፣ ይወደድ አላለችም። የቆረጥኩት ወረቀቱን ነው። ሴትየዋን ራሷን ሙሉዋን ነው ያመጣኋት፤ ስትጨቃጨቁም ደስ ብሎሽ ነበር እማዬ፣ አይቼሻለሁ።»

«አንተ ነህ ያመጣሃት? ራሷ ተናዳ ነው እኮ የመጣችው» አለው ኃይለልዑል።

«ያናደዳት ማነው ታዲያ?»

በመጨረሻ የናሁሰናይ ተራ ደረሰ። ድምፁ የራሱ ነበር፣ የማንም አልነበረም።

«ሰዓዳን የጠራኋት እኔ ነኝ። በሌለች ሰው አፍ ነው የጠራኋት፣ አውቃለሁ፣ ስትሄድ ፊቷን አይቻለሁ። ግን ጀርባው ላይ ካሉት ሦስቱ መጽሐፉን የሚመስል ነገር የተናገረችው ኑሪያ ብቻ ናት።»

«ኑሪያ የለችም» አለ ኃይለልዑል።

«ጋሽ ምንተስኖት አሉ። ምን አሉ?»

እትዬ የውብዳር ጥቅሉን ከጉልበታቸው አንስተው ወደ ፊታቸው ዘረጉት። ዓይናቸው ስለማያይ ወደማን እንደዘረጉት እሳቸውም አያውቁም።

«አንባቢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ የሚል ካለ ይቀበለኝ» አሉ። «እጄ ዝሏል።»

ሦስቱም ተነሱ፤ ሦስቱም ባሉበት ቆሙ።

እኔና ጓደኛዬ በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ተኳርፈናል። እሷ የምትለው ሌላ፣ እኔ የምለው ሌላ፣ እናቷ ደግሞ ከሁለታችን ሌላ። ስለዚህ አሁን እናንተ ንገሩኝ፣ ግን እባካችሁ ጀርባ ላይ እንደሚጻፈው አትንገሩኝ። የውሸት አንባቢ በእውነተኛ ስም ካመጣው፣ እውነተኛ አንባቢ በተቆረጠ ቃል ካመጣው፣ እውነተኛ ቃል በሌለች ሴት ስም ካመጣው፣ ከሦስቱ ማንኛው ነው ለእትዬ የውብዳር አንባቢ ያመጣላቸው? የአባትየው ነገር በሙሉ እዚያ ጨርቅ ውስጥ ነው፣ ቅጂ የለውም፣ እጃቸውም እንደተዘረጋ ነው።

ማን ይቀበላቸው?